ተክለጻድቅ በሦስት ጠመኔ

አምሐን አልወደውም። ይህን ከመጀመሪያው ልናገር፤ በኋላ ያዳላሁለት የሚመስለው ሰው ቢኖር እንዳይሳሳት። ሰውዬው ለንደን አንድ ዓመት ተምሯል። ከዚያ ወዲህ ዐሥራ አምስት ዓመት አልፏል። ንጉሥ ወርዷል፣ አገር ተገልብጧል፣ እኛም በሱዳን በኩል እግራችን እስኪላጥ ተጉዘን ኦክላንድ ገብተናል። አምሐ ግን አሁንም ያችኑ አንድ ዓመት ያኝካል። በአዘቦት ቀን ሳን ፍራንሲስኮ አንድ ሆቴል በር ላይ ቆሞ የሰው መኪና ፓርክ ያደርጋል፣ ማታ ዳሊ ሲቲ ካለችው ክፍሉ ይገባል፣ እሑድ ደግሞ አንገቱ ላይ ሻርፕ ጠምጥሞ ቤተ ክርስቲያን ይመጣና ስለ እንግሊዞች ያስረዳናል።

እዚያ አንድ ሙዚየም ውስጥ ተቀምጦ፣ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የሞቱ እንግሊዞችን ሥዕል እያስወጣ ሲገለብጥ ነው የከረመው። ዳኞች፣ የመርከብ አዛዦች፣ ፀጉራቸውን እንደ ጎጆ የቆለሉ እመቤቶች። ሁሉም በጠመኔ የተሳሉ ናቸው። ይህን መጀመሪያ ሲነግረን የቀለደ መስሎን ነበር። እኛ የምናውቀው ጠመኔ የሂሳብ መምህራችን ያዛጋ ተማሪ ላይ የሚወረውረውን ነው። አምሐ ግን «ጠመኔ» ሲል ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ቄስ ስለ ጽላት ሲያወራ እንደሚያደርገው።

«ዘይት ቀለም ልብሱን ለማሳየት ነው» ይላል። «የሰው ፊት ግን በጠመኔ ነው። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት እንግሊዞቹ ይሄ ገብቷቸው ነበር። ሰውዬው ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ሠዓሊው ሦስት ጠመኔ ይይዛል፤ ቀይ፣ ጥቁር፣ ነጭ። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ፊቱ ወረቀት ላይ አለ።»

«ሻዩንስ ማን ይጠጣዋል?» ብዬ ጠየቅሁት።

 ቀልድ የሚባለውን ነገር ለንደን ጥሎት ሳይመጣ አልቀረም። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባላል፤ አምሐ ግን ቆቡንም የተዋሰው ከእንግሊዝ ነው።

የእህቴ ባል ተክለጻድቅ የሞተው በፈረንጆቹ ሰማንያ ስድስት፣ በግንቦት ነው። ሳን ሆዜ አንድ የኮምፒውተር ፋብሪካ በር ላይ ጥበቃ ነበር። ምሳውን ሊበላ ዕቃውን እንደከፈተ ወደቀ፤ ልቡ ነው አሉን። እህቴ የወርቅውሃ ከኦክላንድ እስክትደርስ ሐኪሞቹ ጨርሰው ነበር። ከዚያ አስከሬኑን ቀባሪ ድርጅት ወሰደው። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ ስም የሚጠራው ሥራውን ለሚያውቅ ነው። ሰዎቹ ጠይም ሰው ሞቶ አይተው የሚያውቁ አይመስለኝም። ፊቱን ዱቄት ነስንሰው ግራጫ አደረጉት። ጉንጩን አቀሉት፣ ከንፈሩን እንደ ሙሽራ ቀቡት፣ ዕድሜ ልኩን ተበጥሮ የማያውቀውን ፀጉሩን በቅባት ወደ ኋላ ለጠፉት። ይህን ሁሉ አድርገው ደግሞ እጃቸውን አጣምረው ምስጋና ይጠብቃሉ።

የወርቅውሃ ሳጥኑ ላይ ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ጽጌ፣ ይሄ ሰውዬ ማነው?» አለችኝ።

አላለቀሰችም። ሄይዋርድ ስንቀብረውም፣ ቤት ተቀምጣ ለቀስተኛ ሲገባና ሲወጣም አላለቀሰችም። ከኮንኮርድ ድረስ ነድተው የመጡ ሴቶች ደረታቸውን ሲደቁ እሷ እንደ እንግዳ ታያቸው ነበር። ሐሜቱ ወዲያው ተጀመረ። አሜሪካ ልቧን አደረቀው አሉ፤ ድሮም አትወደውም ነበር ያሉም አሉ። ይህን የሚሉት እዚያው ቤቷ ተቀምጠው፣ ምግቧን እየበሉ ነው። እኔ ካስትሮ ቫሊ ከሚገኘው አፓርትመንቴ በየቀኑ እየተመላለስኩ ሳህን የማጥበው እነዚህን ሴቶች ለማገልገል መሆኑን ሳስበው፣ አንዳንዷን ከነሳህኗ ባስወጣት ደስ ይለኝ ነበር።

ለእኔ ግን እህቴ ነገሩን በግልጽ ነገረችኝ። «የማላውቀውን ሰው ቀብሬ መጣሁ። ፊቱን ሳላይ የማንን ልቅሶ ላልቅስ? ተክሌ እኮ አልተለቀሰለትም። ለአርባው ፊቱን አምጡልኝና እኔም እንደ ሰው ላልቅስ።»

ፊቱን ከየት እናምጣ? ተክለጻድቅ ካሜራ ሲያይ መጸዳጃ ቤት የሚገባ ሰው ነበር። የሠርጋቸው ፎቶ አዲስ አበባ ቀርቶ ከቤቱ ጋር ጠፍቷል። በእጃችን ያለችው የኢሚግሬሽን መታወቂያው ላይ የተለጠፈችው፣ አውራ ጣት ጥፍር የምታክለው ብቻ ናት። ኢሚግሬሽን ደግሞ ፊት ለፊት ያየውን ሰው አያምንም፤ ዞር በል፣ ቀኝ ጆሮህን አሳየኝ ይላል። በዚህ ምክንያት ከዚያ ሁሉ የትዳር ዘመን እህቴ እጅ የቀረው ግማሽ ፊትና አንድ ሙሉ ጆሮ ነው።

የመረዳጃ ማኅበራችን ሊቀ መንበር አቶ ወልደገርጊስ ናቸው። አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ ያረጁ፣ ኮሚቴ ሳይሰበስቡ ውሃ የማይጠጡ ሰው ናቸው። ኮሚቴውን ሰበሰቡና ፎቶዋ እንድትተልቅ አስወሰኑ። ፎቶ ቤቱ አተለቃት። ፊቱ እንደ ጉም ተበተነ፤ ጆሮው ግን ሰፌድ አክሎ፣ እያንዳንዱ እጥፋቱ ሳይቀር ጥርት ብሎ ወጣ። አቶ ወልደገርጊስ በኩራት ይዘውት መጡ። እህቴ አየችው።

«አቶ ወልደገርጊስ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። «ግን የጆሮ ልቅሶ የለም።»

ይህን ጊዜ ነው አምሐ ከጥግ የተነሣው። ሻርፑን አስተካከለና «እኔ እስለዋለሁ» አለ።

«በዘይት ቀለም?» አሉ አቶ ወልደገርጊስ።

«በጠመኔ።»

አቶ ወልደገርጊስ መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ሟች እኮ ሰሌዳ አይደለም። ሰው ክብር አለው። በዘይት ቀለም፣ በወርቅ ፍሬም፣ እንደሱ ነው የሚገባው። ጠመኔ ሕፃን ቢነካው ይጠፋል።»

«ማንም አይነካውም። መስታወት ውስጥ ነው የሚገባው። እንግሊዞቹ...»

«እንግሊዞቹን ተዋቸው» አልኩ እኔ። «ሰውዬውን አታውቀው፣ ፎቶ የለህ፣ ሰውዬው የለ። ምን አይተህ ልትስል ነው?»

አምሐ እኔን ሲያይ የሚያሳየው አንድ ፊት አለው፤ መኪናውን አበላሽቶ ያመጣን ሰው የሚያይ ይመስላል። ወደ እህቴ ዞረ።

«ይሳለው» አለች የወርቅውሃ። «ካልመሰለ እነግረዋለሁ።»

በዕረፍት ቀኑ ከሰዓት በኋላ መጣ። ጠመኔዎቹን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ እንደ ወርቅ ከኪሱ እያወጣ አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። ቀዩ ከመሬት የሚወጣ አፈር ነው፣ ጥቁሩም ድንጋይ ነው ብሎ አስረዳን፤ ማንም አልጠየቀውም። ከዚያ ወረቀቱን ዘረጋ። ቡናማ ነው።

«ይሄ የግሮሰሪ ከረጢት አይደለም እንዴ?» አልኩት።

«እንግሊዞቹ ለነጭ ፊት የሚመርጡት ወረቀት ለጋሽ ተክለጻድቅ አይሆንም። ይሄን ስፈልግ ሦስት ሱቅ ዞሬያለሁ። ቆዳውን አልቀባውም፤ ቆዳው ወረቀቱ ራሱ ነው። ጥላ ባለበት ጥቁር፣ ደም ባለበት ቀይ፣ ብርሃን ባለበት ነጭ። የቀረውን አልነካውም።»

ያልሠራውን ሥራ ነው ብሎ የሚሸጥ ሰው እንደዚያ ቀን አይቼ አላውቅም። ሽንኩርት ልከትፍ ወደ ወጥ ቤቱ ገባሁ፤ ገባሁ ስል በሩን ከፍቼ ነው፣ አንድም ነገር እንዳያመልጠኝ።

የወርቅውሃን ከፊቱ ወንበር ላይ አስቀመጣት። «እትዬ፣ ሕያው ሰው ከፊቴ ካልተቀመጠ እጄ አይሄድም። እንደዚያ ነው የተማርኩት። እርስዎ ይቀመጡና ጋሽ ተክለጻድቅን በራስዎ ፊት ላይ ያሳዩኝ።»

እብድ ነው አልኩ በልቤ። እህቴ ግን ነገሩ ወዲያው ገባት። ጣቷን አነሣችና የራሷን ጉንጭ ነካች። «እዚህ ጋ ገባ ይላል» አለች። «ሲያኝክ በዚህ በኩል ብቻ ነው የሚያኝክ፤ በዚያ በኩል ጥርሱ ያመዋል።» ጣቷ ወደ ግንባሯ ወጣ። «ሁለት መስመር አለ። አንዱ ረጅም፣ አንዱ መሃል ላይ የሚቆም። ግራ ቅንድቡ ዝቅ ይላል፤ ሰው የሚጠራጠር ያስመስለዋል። ተጠራጥሮ አያውቅም፤ ስንት ሰው አታሎታል።» አምሐ የእሷን ጣት እያየ ይጭራል፤ አልፎ አልፎ የተክለጻድቅን መታወቂያ አንሥቶ ለዓይኑ ያስጠጋታል። እሷ ፊቷን እየዳሰሰች፣ እሱ ወረቀቱን እየጫረ፣ እኔ ሽንኩርቱን እየከተፍኩ ብዙ ቆየን። የማለቅሰው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ያውም በሽንኩርት።

አንድ ጊዜ ሥዕሉን አዙሮ አሳያት።

«አፉ ይሄ አይደለም» አለች። «ይሄ የሚናገር አፍ ነው። ተክሌ የማይናገር ነው።»

«ዳቦ አለ?» አለ አምሐ ወደ እኔ።

«ርቦህ ነው?»

«የውስጡን ልስላሴ ነው የምፈልገው። እንግሊዞቹ የሚያጠፉት በዳቦ ነው።»

ሰጠሁት። የዳቦውን ልብ በጣቶቹ አድቦልቡሎ የእህቴን ባል አፍ ቀስ እያለ አጠፋው። የቀላውን ፍርፋሪ ምንጣፉ ላይ አራገፈ፤ እሱን የጠረግሁት እኔ ነኝ፣ እንግሊዞቹ አይደሉም። ከዚያ እንደገና ጀመረ። ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያለው ሰውዬ ሁለት ማንቆርቆሪያ አስፈላብኝ።

ሲጨርስ ጠመኔውን አስቀመጠ። እጄን ጠርጌ፣ የምለውን ምላሴ ላይ አዘጋጅቼ ሄድኩ። ወረቀቱ ላይ ተክለጻድቅ ነበር። ትንሽ ዞር ብሎ፣ ቅንድቡን ዝቅ አድርጎ፣ የማይናገር አፉን ገጥሞ፣ የሚያመው ጥርስ ባለበት በኩል ጉንጩን ዘና አድርጎ ተቀምጧል። አፍንጫው ላይ አንዲት ነጭ መስመር አለች፤ በመስኮት የገባ ብርሃን ነው የምትመስል። ቆዳው በእርግጥ የእሱ ቆዳ ነበር። ያዘጋጀሁትን ስድብ ዋጥኩት። እንዲህ ያለ እጅ ለእንዲህ ያለ ሰው መሰጠቱ በጣም አናደደኝ።

እህቴ ዓይኗን አልነቀለችም። አሁን ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ነጠላዋን አውልቃ፣ ወረቀቱን ሳትነካ ጋረደችው። «እዚህ አይደለም» አለች። «ሰው ባለበት ነው የሚለቀሰው።»

በሩ ላይ አምሐን ያዝኩት። ሱቅ ውስጥ የሚሸጥ ስፕሬይ አለ፣ ሲነፉበት ጠመኔውን ያጣብቀዋል ሲባል ሰምቼ ነበር፤ እሱን ለምን እንደማይነፋበት ጠየቅሁት።

«ነጩን ይገድለዋል። ብርሃኑ ይሞታል። እንግሊዞቹ...»

«እንግሊዞቹ ሞተዋል፣ አምሐ።»

«ሥዕላቸው አልሞተም» አለ። «ሰው እጁን ስላላሳረፈበት ነው። ይሄም እጅ ካላረፈበት ሁለት መቶ ዓመት ይኖራል።» ይህን ሲል ለተክለጻድቅ ሁለት መቶ ዓመት ከኪሱ አውጥቶ የሰጠ ይመስል ነበር።

የአርባው ቀን ደረሰ። ጸሎቱ አልቆ ሰዉ ወደ ምድር ቤቱ አዳራሽ ወረደ። ቤተ ክርስቲያኑ የአሜሪካኖች ነው፣ እኛ ተከራዮች ነን። አዳራሹ በአዘቦት ቀን የሕፃናት መዋያ ስለሆነ ግድግዳው ላይ ቢጫ ዳክዬዎች ተስለዋል። ጣሪያው ሙሉ ነጭ አምፖል ነው። አምሐ ሥዕሉን በፍሬም፣ ከነመስታወቱ፣ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አቁሞ አጠገቡ ቆመ። የሚገባውን ሰው ሁሉ «እባካችሁ እንዳትነኩ» ይላል። አንዲት አሮጊት ጣቷን ወደ ፍሬሙ ብታስጠጋ እጇን በትሕትና መለሰላት፤ የእሱ ትሕትና ከሌላው ሰው ስድብ ይብሳል። ለእሱ እኛ ሙዚየም ገብተን የማናውቅ ባላገሮች ነን። እኔ በበኩሌ ገብቼ አላውቅም፤ የምሠራበት የአረጋውያን ቤት ዕረፍት ቢሰጠኝ የምተኛ ሰው ነኝ። ሰዉ መብላት ሲጀምር ጥበቃው ሰልችቶት ሲጋራ ሊያጨስ ወጣ።

የወርቅውሃ ተነሣች።  ከኮንኮርድ የመጡት ሴቶች ሳህናቸውን አስቀምጠው ነጠላቸውን አዘጋጁ። እህቴ ሥዕሉ ፊት ቆመች። ወደ ግራ ሄደች፣ ወደ ቀኝ ሄደች፣ ጎንበስ አለች። ከዚያ ቀጥ ብላ ቆመች። ዓይኗ ደረቅ ነው።

«ምን ሆንሽ፣ እትዬ?» አልኳት ተጠግቼ።

«ራሴን ነው የማየው» አለች። «እኔና አምፖሉ ነን ያለነው። እሱ አይታየኝም።»

እኔም አየሁ። እውነቷን ነው። መስታወቱ ውስጥ ያለነው እኛ ነን፤ እኛና ከኋላችን ያሉት ዳክዬዎች። ተክለጻድቅ ከዚያ ሁሉ ግርግር በስተጀርባ አንዳች ጥላ ሆኖ ቀርቷል። ማቆሚያውን ወደ ሌላ ጥግ ብንወስደው ሌላ አምፖል ወጣበት። መብራቱን ብናጠፋው ምድር ቤቱ ጨለመ። ከኋላችን አንዷ «አሁንም አላለቀሰችም» ስትል ሰማሁ። እህቴም ሰማች።

«ጽጌ፣ መስታወቱን አውጪልኝ።»

«አምሐ እንዳይነካ ብሏል።»

«ባል የሞተበት አምሐ ነው?»

 ከእኔ በፊት አቶ ወልደገርጊስ ተነሥተው ነበር። ጠመኔውን ሳያዩ የሰደቡት ሰው አሁን ከወጥ ቤት የቅቤ ቢላ አምጥተው የፍሬሙን ጀርባ ይፈለቅቃሉ። «ቀስ ብለው፣ ይቀደዳል» አልኳቸው። «እኔን ፍሬም ታስተምሪኛለሽ?» አሉኝ። ካያያዝ ይቀደዳል የሚለው ተረት ለእሳቸው የወጣ ነው፤ ያን ቀን ግን አልተቀደደም። መስታወቱ ወጣ። ወረቀቱ ብቻውን፣ ከተለጠፈበት ሰሌዳ ጋር፣ ማቆሚያው ላይ ቆመ።

የወርቅውሃ እንደገና ፊቱ ቆመች። አሁን አየችው። 

«ተክሌ» አለች። «ምሳህን እንኳ ሳትበላ። ማን ነበር አጠገብህ? ዓይንህን ማን ከደነው?» ድምፁ ከእግሯ ሥር የሚመጣ ነበር። «ቀለም ቀብተው ሰጡኝ። አላወቅሁህም። ባሌ ፊት ቆሜ ማነው አልኩህ። እኔ ልጠብህ ሲገባኝ፣ እኔ ልገንዝህ ሲገባኝ፣ እንግዳ ሰው ዱቄት ነሰነሰብህ።» መዳፏን አንሥታ ጉንጩ ላይ አሳረፈችው፤ በሚያመው ጥርስ በኩል። ከግንባሩ እስከ አገጩ ዳሰሰችው። ከዚያ ግንባሯን ከግንባሩ ገጥማ ጮኸች። እንዲህ ያለ ለቅሶ ከዚያ ቀን በፊትም በኋላም አልሰማሁም። እኔም አለቀስኩ፤ በዚህኛው ጊዜ ሽንኩርት የለም።

ሴቶቹ ተከተሉ። በእኛ አገር የሟች ፎቶ ይሳማል፣ ይታቀፋል፣ ደረት ላይ ይጫናል፤ ፎቶ ደግሞ ቢስሙትም ባይስሙትም ያው ነው። ማንም ሌላ ነገር አላሰበም። አንዷ ሳመችና ለሌላዋ ለቀቀች። ሲያሟት የነበሩት ሁሉ አሁን ተሰልፈው «ወንድሜ፣ ወንድሜ» ይላሉ፤ ግማሾቹ በሕይወቱ ሳለ ሰላም ያላሉት ናቸው። እህቴ ቀና ስትል ግንባሯ ላይ ነጭ ነገር አየሁ። የተክለጻድቅ ግንባር ብርሃን ነው። መዳፏ ቀልቷል።

አምሐ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

መቼ እንደገባ አላውቅም። ሲጋራው በእጁ እንደያዘው ጠፍቷል። የመጨረሻዋ ሴት አፍንጫው ላይ ያለችውን ነጭ መስመር በከንፈሯ ስትወስድ አይቷል። እውነቱን ልናገር፤ እንዲጮህ ፈልጌ ነበር። እንግሊዞቹን ይጠራል፣ ባላገሮች ይለናል፣ እኔም ዕድሜ ልኬን የምስቅበት ነገር አገኛለሁ ብዬ ጠበቅሁ። አዳራሹን አቋርጦ ሲመጣ ሰዉ መንገድ ለቀቀለት። ማቆሚያው ከሴቶቹ ግፊት የተነሣ ይወዛወዛል፣ ሊወድቅ ነው። አምሐ ከኋላው ዞሮ ገባና ሰሌዳውን በሁለት እጁ ግራና ቀኝ ያዘው። ያዘና ቆመ።

ቀጣይዋ ሴት ፈርታ ቆማ ነበር። «ይምጡ፣ እናቴ» አላት። መጣችና ሳመች። አጭር ሴት ስትመጣ ሰሌዳውን ዝቅ ያደርግላታል። እህቴ ለሁለተኛ ጊዜ ስትመለስ ወደ ደረቷ አዘነበለላት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ ለቅሶው እስኪያልቅ እንደዚያው ቆመ።

ሰዉ ሲበተን ወረቀቱን አየነው። ቅንድቡ የለም። የማይናገረው አፍ የለም። ነጩም ቀዩም በሴቶቹ ነጠላ፣ በጉንጫቸው፣ በእህቴ ግንባር ላይ ነው። ወረቀቱ ቡናማ ነው፤ አምሐ ያልነካው ቆዳ ብቻ ቀርቷል። በአንድ በኩል ግን፣ ጥርት ብሎ፣ አንድም እጥፋቱ ሳይጎድል፣ ቀኝ ጆሮው አለ። ጆሮ የሚስም ሰው የለማ።

«በዘይት ቢሆን ኖሮ ዛሬም ነበር» አሉ አቶ ወልደገርጊስ፣ መስታወቱን ያወጣው ሌላ ሰው ይመስል። «ነግሬያችሁ ነበር።»

አምሐ ወደ እህቴ ዞረ። «እትዬ» አለ፣ «እንደገና እስለዋለሁ። ማክሰኞ ዕረፍት ነኝ።»

የወርቅውሃ ፊቷን አልጠረገችም። «አይሆንም፣ ልጄ» አለችው። «አሁን ተለቅሶለታል። ሰው ሁለት ጊዜ አይሞትም።» ወረቀቱን ከነሰሌዳው ተቀበለችው። «መስታወቱን መልስልኝ እንጂ። አቧራ እንዳይነካው።»

አሁን ሳሎኗ ውስጥ ተሰቅሏል። እንግዳ ሲመጣ ቀና ይልና ጆሮውን አይቶ ወደ እኔ ይዞራል፤ እኔ ምግቡን እንዲበላ እነግረዋለሁ። ለማስረዳት የሚወድ ሰው ቢኖር አምሐ ነበር፤ እሱም አንድ ቀን መጥቶ ፊቱ ቆመ። ሻርፑን አጥብቆ ስለ እንግሊዞቹ ሊጀምር ነው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ።

«ከመታወቂያው ፎቶ የቀዳሁት ጆሮውን ብቻ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ሌላው የእሷ ነበር። ወሰደችው።»

ከዚያ ሻዩን ሳይቀዘቅዝ ጠጥቶ ወደ ዳሊ ሲቲ ሄደ። አሁንም አልወደውም። ሲመጣ ግን ዳቦ እገዛለሁ፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም።

ባለፈው ሳምንት እህቴ ቤት በቁልፌ ከፍቼ ስገባ ሳሎን ውስጥ ሰው ታናግራለች። ስልክ መሰለኝና እንዳልረብሻት ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ስልኩ ወጥ ቤት ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው። የወርቅውሃ ካፖርቷን እንኳ አላወለቀችም፤ ቦርሳዋን እንደያዘች፣ ከተሰቀለው ሥዕል አጠገብ ቆማ፣ አውቶቡሱ እንዴት እንደዘገየባትና አለቃዋ ምን እንዳላት ትነግረው ነበር። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ድሮም ተክለጻድቅ ጆሮው ደህና ነበር።